ቁም ሳጥን ላይ የወጡት ካህናት

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን ሳሎኑን አምስት የድምፅ ሳጥን ሞልተውበት፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ እያደረጉ፣ «ይሄ ቀረበ፣ ያኛው ራቀ» እያሉ ሲነታረኩ ሰነበቱ። ከጥግ ሆኜ ሳያቸው ሳቄ መጣ። «ምን ያስቅሻል እማዬ?» ሲሉኝ፣ «እኔ በዚህ ነገር የተማረርኩት እናንተ ሳትፈጠሩ ነው» አልኳቸው። ይህን ከአፌ ያወጣሁ ዕለት ጉድ ፈላብኝ። ንገሪን አሉ። ስነግራቸው ደግሞ ጻፊው አሉ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አዳራሽ ተቀምጬ ነው። ወሬዬም እንደ እግሬ ነው፣ ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንለትም። እንግዲህ ቻሉኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነበር፤ ባለቤቴ ፋብሪካ ይሠራል፣ እኔ ቤት ነኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማያውቅ ሰው መንገር ከንቱ ድካም ነው። ጠዋት የታጠበ ልብስ አስጥቼ ከሰዓት ሳነሣው እንደ ጣውላ ደርቆ ይቆማል፤ ደርቆ ስል በፀሐይ እንዳይመስላችሁ፣ በውርጭ ነው።

የባለቤቴ ወንድም የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ከባድ መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ዕቃ አወረደ። ሲፈታ ጥቁር ቴፕ ሆነ፤ ፊቱ ሙሉ ማዞሪያ፣ ከጎኑ ደግሞ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች፣ ድምፁ የሚወጣባቸው። ባለቤቴ በደስታ አበደ። ያንን ቴፕ ሳይታጠብ አይነካውም ነበር። እኔን ሲያገባኝ እንኳ እጁን እንደዚያ አልታጠበም።

ቴፑንም ሳጥኖቹንም ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ጎን ለጎን አሰለፋቸው። እኔም የበኩሌን አደረግሁ። ያኔ ልብስ የሌለው ዕቃ የቤቱን ሴት ያሳጣ ነበር፤ ሬዲዮ ይለብሳል፣ ወንበር ይለብሳል፣ ቴርሞስ ሳይቀር ይለብሳል። ለሁለቱ ሳጥኖች ነጭ ዳንቴል ሠራሁላቸው። ዳንቴል ብቻውን ለብርዱ የሳሳ መስሎ ስለታየኝም ከብርድ ልብስ ቁራጭ ወፈር ያለ ገበር ጨመርኩበት። ያየኝ ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ኮራሁ።

በዚያው ዓመት የባለቤቴ አባት ወደቁ። እኔ አባባ ነበር የምላቸው። አንኮበር፣ ከአፋፉ ላይ በተቀመጠች አንዲት ደብር ግራ ጌታ ነበሩ። ይህን የማያውቅ ልጅ ቢያነበው ልንገረው፦ በማኅሌት ካህናቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ቀኝ ነው፣ አንዱ ግራ። ቀኝ ይመራል፣ ግራ ይቀበላል፤ ግራ ይመራል፣ ቀኝ ይቀበላል። የግራው ረድፍ አለቃ ግራ ጌታ ይባላል። አባባ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ በዚያ ቦታ ቆመው አርጅተዋል። ታዲያ ወደ አልዩ አምባ በሚያወርደው ቁልቁለት ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ እግራቸው ከዳቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። በቃሬዛ አውጥተው፣ በመኪና ጭነው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አስገቡልን። ሐኪሙ ዐይቶ፣ ዐይቶ፣ «ቤት ወስዳችሁ አስተኟቸው፣ እንዳይነቃነቁ» አለን። እኛ ሳሎን በመስኮቱ በኩል የሽቦ አልጋ ተዘረጋላቸውና ተኙ።

የደብራቸው ንግሥ የደረሰው እሳቸው እንደተኙ ነው። ያን ንግሥ ቀርተው አያውቁም። በዋዜማው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ገንፎ አቀረብኩ፣ አልቀመሱም። በማግሥቱም እንደዚያው።

ንግሡ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሎሚና በርበሬ ጭነው ከአልዩ አምባ ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ የሚወጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። እኔ ሳውቃቸው ከአባባ ጋር ቁልቁለቱ ላይ ሲገናኙ ተሳስመው ነው የሚተላለፉት።

«አላህ ይማርልን አባቴ» አሉና ከጉያቸው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ። «አንኮበር ሳልፍ ካህናቱ ያዙኝ። ንግሡን ቀድተንላቸዋል፣ ለግራ ጌታ አድርስልን ብለው አደራ ሰጡኝ። ከሎሚው ጋር ስለነበር ሎሚ ሎሚ ቢል አይቆጡኝ።»

አባባ ካሴቱን ተቀብለው አሸተቱት። «ኧረ እንኳን ከሎሚው ሆነ! ከበርበሬው ቢሆን ማኅሌቱ በማስነጠስ ባለቀ ነበር» አሉ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ነጋዴው ከሄዱ በኋላ ጠሩኝ። «ልጄ፣ መቋሚያዬን አቀብይኝ። እዚሁ ተኝቼም ቢሆን ተራዬን ላድርስ። ቀኝ ሲመራ እኔ ልቀበል። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወዲያ እሱ ያለው ይሁን።»

እንግዲህ የፈለጉት ይህን ብቻ ነበር። ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ሞኝ።

ባለቤቴ ከሥራ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ካሴቱን አስገባ። አባባ መቋሚያውን ደረታቸው ላይ አጋድመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዜማው ተነሣ። ቆዩ፣ ቆዩና ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማነው ቁም ሳጥን ላይ ያወጣቸው?»

«እነማንን አባባ?» አለ ባለቤቴ።

«ካህናቱን ነዋ! ከላይ ነው እኮ የሚመጡት። ደግሞስ ቀኙ የቱ ነው፣ ግራው የቱ ነው? እንደ ቆሎ ቀላቅላችሁ በአንድ እፍኝ ነው የምትሰጡኝ።»

«አባባ፣ ይሄ ስቴሪዮ ነው። ቀኙ በቀኝ ሳጥን፣ ግራው በግራ ሳጥን ነው የሚወጣው። እርስዎ መሃል ሆነው ነው የሚሰሙት።»

«እኔ መሃል ቆሜ አላውቅም። መሃል ከበሮ ነው የሚቆመው። እኔ በግራ ነኝ። ቀኝ ከፊቴ ነው፣ የእኔዎቹ ከአጠገቤና ከኋላዬ ናቸው። እንዲህ በአንድ ወገን ተሰልፈው ከዘመሩብኝ መቼ እንደምቀበል በምን ላውቅ?»

ባለቤቴ ከቴፑ ጋር የመጣውን ወረቀት አወጣ። ጽሑፉን እሱም አያነበውም፣ ሥዕል ግን አለው። «ይኸው፣ ሁለቱ ሳጥኖች ከፊት ናቸው፤ ሰውየው መሃል ነው የተቀመጠው።»

«ሰውየው ካህን ነው?»

«አይ... ሶፋ ላይ ነው ያለው።»

«ታዲያ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ምን ያውቃል! ማኅሌት ይቆማል እንጂ አይቀመጥም።»

ይህን ሲሉ እሳቸው ራሳቸው መተኛታቸውን ማንም አላነሣባቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀረ። ባለቤቴ መጀመሪያ ከቴፑ ጀርባ ሽቦዎቹን አቀያየረ። «አሁንስ አባባ?» «አሁን ተሻለ፣ ቀኝ ወደ ቀኙ ሄደ» አሉት። ተመስገን ብለን አደርን። ጠዋት ስከፍትላቸው ደግሞ፣ «ኧረ ተገልብጠዋል!» ብለው ጮኹ። ምሽት መልሶ አቀያየረ። ተሻለ አሉ። በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ተገልብጧል። እሱ ቀን ፋብሪካ ነው፤ ጩኸቱን የምጠጣው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወደ ማዞሪያዎቹ ዞርን። አንደኛው ወፍራሙን ድምፅ፣ ሌላኛው ቀጭኑን ይጨምራል፣ ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ይገፋል። እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ አዞራለሁ፣ አባባ ከአልጋ ያዝዙኛል። «ጨምሪ። ኧረ ቀንሺ! ከበሮው ሆድ ቁርጠት ነው የሚመስለው።» ወፍራሙን እቀንሳለሁ። «አሁን ደግሞ ከበሮው የት ሄደ? ሊቃውንቱ ያለ ከበሮ ቀሩ እኮ!» መልሼ እጨምራለሁ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ባቴ ዝሎ፣ ወጡ አርሮ፣ ልጄ አፍንጫው ፈስሶ፣ እኔ በርጩማ ላይ ነኝ።

«ምን ሆነው ነው አፋቸው የታፈነው? ጋቢ ተከናንበው ነው እንዴ የሚዘምሩት?» አሉ አንድ ቀን።

ቀና ብዬ ሳጥኖቹን አየኋቸው። ዳንቴላቸውን ለብሰው፣ ከሥሩ የብርድ ልብስ ገበራቸውን ደርበው፣ ተጀቡነው ተቀምጠዋል። «ጋቢ አይደለም አባባ፣ ብርድ ልብስ ነው» አልኩና ሁለቱንም መነጨቅኋቸው። ጸናጽሉ አንድ ትሪ ብርጭቆ የወደቀ ይመስል ቤቱ ውስጥ ተበተነ። አባባ ጆሯቸውን ያዙ። እስካሁን ቀጭኑን ድምፅ እየጨመርኩ የቆየሁት በልብሱ ምክንያት ኖሯል። እንግዲህ ያስተካከልኩትን ሁሉ አፍርሼ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቀስ በቀስ አንድ የሚስማማቸው ቦታ አገኘሁ። የሚገፋውን ማዞሪያ ትንሽ ወደ ግራ፣ ወፍራሙን ከግማሽ ዝቅ፣ ቀጭኑን ደግሞ ከዚያም ዝቅ። አባባ ዝም ብለው ሰሙ። «ሊመጡ ነው» አሉኝ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው። ማታ ባለቤቴ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ሳጥኖቹ ራቁታቸውን መሆናቸውን አየ፣ ማዞሪያዎቹን አየ፣ ሁሉንም ወደ መሃል መለሳቸውና ልብሱን አለበሳቸው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ማስተካከል ነዋ! ማዞሪያ መሃል ላይ ነው የሚቀመጠው። አቧራ ገብቶበት ቢበላሽስ?»

«አባትህ ተስማማኝ ብለው ነበር እኮ።»

«አባቴ ስለ ማኅሌት እንጂ ስለ ስቴሪዮ አያውቁም።»

«አንተስ ከሶፋው ሰውዬ ሌላ ማንን ታውቃለህ?»

እንዲህ ስንል አባባ ከአልጋቸው፣ «አትጣሉ ልጆቼ፣ ተዉት፣ ይቅርብኝ» አሉ። ይህ ደግሞ ከጩኸታቸው ይልቅ አንጀቴን አሳረረው። ጠዋት እኔ እፈታለሁ፣ ማታ እሱ ያስራል። ወፍጮ ቤት እንኳ አንዱ ሲፈጭ ሌላው ተራ ይጠብቃል። እኛ ቤት አንዱ የፈጨውን ሌላው መልሶ እህል ሊያደርገው ነበር የሚታገለው።

ከበሮው ጎረቤት ደርሶ ኖሮ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ብቅ አለ። ባለቤቴ እንዳየው ሮጦ ቴፑን አጠፋ። ፋብሪካው ውስጥ ለማኅበር ምርጫ ታጭቶ ስለነበር፣ ቤቱ ውስጥ ማኅሌት ሲንቆረቆር ሊቀመንበሩ እንዲሰማበት አልፈለገም።

«ጓድ፣ ጥሩ መሣሪያ አለህ አሉ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ቁም ሳጥኑን ሽቅብ እያየ።

«ምንም አይል...»

«ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ አለን፤ የእኛ ድምፅ ማጉያ ታንቆ ሞተ። ይሄ ሁለት አፍ አለው፣ ለሰፊው ሕዝብ ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ልኬ አስወስደዋለሁ።»

እንቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ።

አባባ ግን ጣልቃ ገቡ። «ለመሆኑ በስብሰባችሁ ላይ ስንት ሰው ይናገራል?»

«እንደ አጀንዳው ነው አባባ።»

«ማን ሲጨርስ ማን እንደሚቀበል ይታወቃል?»

«ዕድል የተሰጠው ይናገራል።»

«እንግዲያማ ዕቃው በሰላም አይመለስም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ልክ እንደ ዋዜማው ቀን።

ያን ጊዜ የነደደኝ በማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። በሊቀመንበሩ ነው? በባለቤቴ ነው? ቴፑን ባመጣብን በአሰብ መንገድ ነው? ወይስ ሰው ወልዶ አሳድጎ፣ ቆሞ አገልግሎ፣ አንዲት ተራ ለምኖ በሚያጣባት በዚች ዓለም?

ዓርብ ባለቤቴ ሥራ ሄደ። ጠዋቱን መብራት ጠፋ። እንዲህም ይሁን እንዴ ብዬ ግድግዳውን በመዳፌ መታሁት። ስሰልቅ፣ ስጠርግ፣ አምፖሉን ሳይ ዋልኩ። ከሰዓት መብራቱ መጣ።

በርጩማ ላይ ወጥቼ አንዱን ሳጥን አቅፌ አወረድኩ። እንደ ከብት ይከብዳል። በአባባ ግራ በኩል፣ ከትራሳቸው ጀርባ ላደርገው ሄድኩ፤ ሽቦው ሳሎኑ መሃል ላይ ሲደርስ ያዘኝ። አጠረ! ጎተትኩት፣ ጎተትኩት፣ ከቴፑ ሊነቀል ሆነ። እዚያው መሬት ላይ ሳጥኑን አቅፌ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ። አባባ ከአልጋ ያዩኛል።

በዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስንት ቀን ሙሉ ካህናቱን ወደ አባባ ለማምጣት ስንታገል፣ አባባን ወደ ካህናቱ መውሰድ የማናችንንም ሐሳብ አልመታም። ሐኪሙ እንዳይነቃነቁ ብሏላ። ሄጄ ከሳጥኖቹ የገፈፍኩትን ልብስ አጠፍኩና በአልጋው እግር ሥር አስገባሁት፣ እንዲንሸራተት። ከዚያ የሽቦውን አልጋ ከነሰውየው ቀስ አድርጌ ሳብኩት።

«ኧረ በሕግ! ልትገይኝ ነው እንዴ?»

«ዝም ይበሉ አባባ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነው።»

«እንዲህ ባለ መንገድ?»

«ከአንኮበር ቁልቁለት ይሻላል።»

ሳቁ፤ ሲስቁ ዳሌያቸውን አሟቸው፣ ተሳደቡ፣ ደግሞ ሳቁ። አልጋው መሃል ደረሰ። አንዱን ሳጥን ከትራሳቸው ጀርባ በርጩማው ላይ አደረግሁት። ሌላውን ከእግራቸው ማዶ ጠረጴዛ ላይ፣ ፊቱን ወደ እሳቸው። ማዞሪያዎቹን እኔ ወደማውቀው ቦታ መለስኩ። ትራስ ደርቤ ቀና አደረግኋቸው፣ መቋሚያቸውን አስያዝኳቸው።

«የኋላዎቹን ትንሽ ዝቅ አድርጊ። ጆሮዬ ላይ ባይጮኹ። እንዲያ... በቃ። እጅሽን አንሺ።»

ዜማው ገና እንደተጀመረ በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ ነው፤ ዕቃውን ለነገ ሊያዘጋጅ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ ኖሯል። ቁም ሳጥኑ ባዶ፣ አልጋው መሃል ሳሎን፣ አባቱ ቀና ብለው። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሰውየውን አነቃነቅሻቸው? ሳጥኑንስ በርጩማ ላይ...»

«ዝም በል!» አሉት አባባ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። መቋሚያቸውን ወደ ማዶው ሳጥን ጠቆሙ። «ቀኝ እየጨረሰ ነው።»

ባለቤቴ እጁን ሳይታጠብ እንደቆመ ቀረ። ማዶ ያሉት ዜማውን ወደ ላይ ወስደው፣ አንጠልጥለው፣ ቀስ ብለው አወረዱት። አባባ ትንፋሽ ሳቡና ገቡ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፣ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ በኋላ ተገጣጠመ። መቋሚያው የአልጋውን ብረት ይመታል፣ ጭንቅላታቸው ወዲያና ወዲህ ይላል። ጨርሰው ዝም አሉ፤ ማዶ ያለው ቀኝ ሲመልስ በጸጥታ አዳመጡ፤ ከዚያ ደግሞ ተራቸው ሲሆን ገቡ። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። ባለቤቴ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱን የሚዘጋው መስሎኝ ነበር፣ እሱን ግን ተወው። የካሴቱ ፊት አልቆ ቴፑ ራሱ ቀጭ ብሎ ሲቆም አባባ መቋሚያውን መለሱልኝ።

«ቆሙ» አሉኝ። «ሁሉም በየቦታቸው ቆሙ። አሁን ገንፎውን አምጪ።»

ቅዳሜ ጠዋት የሊቀመንበሩ ልጆች መጥተው ቴፑንም ሳጥኖቹንም ወሰዱ። ማታ ሲመለስ አንዱ ሳጥን ተቀዶ፣ ሰው የሚያቃስት ይመስል ነበር፤ ባለቤቴ በዚያ ሳጥን ብዙ ተቃጠለ፣ አሳከመውም፣ አልዳነም። አባባ ግን ካሴቱን ዳግመኛ ክፈቱልኝ ብለው አልጠየቁም። የሚቀጥለው ንግሥ ሳይደርስ፣ በክረምቱ መውጫ፣ በዚያው አልጋ ላይ አረፉ። አንኮበር ወስደን ቀበርናቸው።

ካሴቱ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ደርግ ወድቆ፣ ብዙ ዓመት አልፎ፣ ባለቤቴም ዐርፎ፣ አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ በገባሁ ጊዜ ካሴቱ ሳይበሰብስ ወደ አዲሱ ዓይነት ይገልበጥልኝ ብዬ አንድ ሙዚቃ ቤት ወሰድኩት። የሚገለብጠው ሰው በጆሮው የሚሰካውን ነገር አድርጎ አንድ አፍታ ሰማና አወለቀው። «እማማ፣ ይሄ የተቀዳው በአንድ ማይክ ነው» አለኝ። «ቀኝና ግራ የሚባል ነገር የለበትም። በስንት ሳጥን ብታሰሙት፣ ከሁሉም የሚወጣው ያው አንድ ድምፅ ነው።»